ባለ ማጣቀሻ ወይስ ባለ ማብራሪያ? አንድ ማጥኛ መጽሐፍ ቅዱስ ልገዛ ነው፣ ምከሩኝ

ጀማሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ወንጌሎችንና መዝሙረ ዳዊትን ደጋግሜ አንብቤያለሁ። ከዚያ ውጪ ያለውን ግን እዚህም እዚያም ነው የነካካሁት። አሁን ቁም ነገር ብዬ ማጥናት ስለፈለግሁ ለብዙ ዓመት የሚያገለግለኝ አንድ መጽሐፍ ልገዛ ነው።

ምርጫው ግን ግራ አጋባኝ። አንዱ «ባለ ማጣቀሻ» ይላል፣ ሌላው «ማጥኛ»፣ ሌላው «ባለ ሙሉ ማብራሪያ»። አንዳንዱን ስከፍተው ጥቅሱ ከላይ አራት መስመር ብቻ ሆኖ የቀረው ገጽ በሙሉ ማስታወሻ ነው። እንግሊዝኛም አነባለሁ፣ ቀስ እያልኩ ነው እንጂ።

ልዩነታቸው ምንድን ነው? የቱን ልያዝ? ገጹ መሃል ላይ የተደረደሩት ትንንሽ ፊደላትስ ምን ይሠራሉ?

ስልኬ_ይበቃል

እህቴ፣ ገንዘብሽን አታባክኚ። አፕ ጫኚ፣ አለቀ። ማጣቀሻውን ስትነኪው ራሱ ይከፈትልሻል። የፈለግሽውን ያህል ትርጉም ጎን ለጎን ታያለሽ። ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ተሸክሞ መዞር በዚህ ዘመን?

ብራና

ልጄ ጀማሪዋ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። በደፈናው «ይሄን ግዢ» ከምልሽ ልዩነቱን ላሳይሽ።

ባለ ማጣቀሻ የሚባለው አያስረዳሽም። ከአንዱ ጥቅስ ወደ ሌላው ይጠቁምሻል፣ በቃ። ማጥኛ የሚባለው ደግሞ ያስረዳል፤ ለየመጽሐፉ መግቢያ አለው፣ ካርታ አለው፣ የዘመን ሠንጠረዥ አለው፣ ከግርጌ ማብራሪያ አለው። አብዛኞቹ ማጥኛዎች ማጣቀሻም ይጨምራሉ። ስለዚህ ስትገዢ የምታዪው የትኛው በደንብ እንደተሠራ ነው።

ትንንሾቹ ፊደላት እንዲህ ይሠራሉ። ቃሉ ራስ ላይ ትንሽ ፊደል ታያለሽ። ወደ መሃሉ ዓምድ ወይም ወደ ኅዳጉ (ወደ ገጹ ጠርዝ) ሄደሽ መጀመሪያ የቁጥሩን፣ ከዚያ የፊደሉን ቦታ ትፈልጊያለሽ። እዚያ የሚዛመዱት ጥቅሶች ተዘርዝረዋል። በፊደል ፈንታ ትንሽ ቁጥር ወይም ኮከብ ካየሽ ብዙ ጊዜ የግርጌ ማስታወሻ ነው። ሌላ አነባበብ እንዳለ ወይም የጥንት ቅጂዎች እንደሚለያዩ ይነግርሻል። ሁሉም አሳታሚ የራሱ ምልክት ስላለው መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ያለውን የአጠቃቀም መመሪያ አንብቢ። ማንም አያነበውም፤ ከዚያ ሁሉም ግራ ይጋባል።

አሁን አንድ ነገር አብረን እንሥራ። ዮሐንስ 3፥16ን የማያውቅ የለም። ከሱ ሁለት ቁጥር ወደ ላይ ውጪ። 3፥14 ላይ ጌታ ለኒቆዲሞስ፣ ሙሴ በምድረ በዳ እባብን እንደ ሰቀለ የሰው ልጅም ሊሰቀል ይገባዋል ይለዋል። ኅዳጉ ዘኍልቍ 21፥9 ይልሻል። ሂጂ። ሕዝቡ አጉረመረመ፣ እባቦች ነደፉት፣ ሙሴ የናስ እባብ ሠርቶ ሰቀለ፣ የተነደፈውም እሱን እያየ ዳነ። ብዙ ሰው እዚህ ይቆማል። አንቺ አትቁሚ። የዘኍልቍ ኅዳግ ራሱ ወደ 2ኛ ነገሥት 18፥4 ይልክሻል። እዚያ ንጉሡ ሕዝቅያስ ያንኑ የናስ እባብ ሲሰባብረው ታገኚዋለሽ። ለምን ቢባል ሕዝቡ ያጥንለት ነበር። በሙሴ ዘመን ሰው ያዳነው ነገር በሕዝቅያስ ዘመን ጣዖት ሆኗል።

አሁን ወደ ዮሐንስ ተመለሺና 3፥14ን እንደገና አንብቢ። ኒቆዲሞስ በቁጥር 10 «የእስራኤል መምህር» ተብሏል፣ እነዚህን ሁለቱንም ታሪኮች ያውቃል። የምትሰሚው ንግግር ሌላ ነው የሚሆነው። አንድም ማብራሪያ አላነበብሽም ግን። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚባለው ይሄ ነው። ስለዚህ አንድ ብቻ የምትገዢ ከሆነ ማጣቀሻው ጠንካራ የሆነውን ያዢ እላለሁ፤ ማብራሪያው ይቆይሽ።

ቀጥታ_ንባብ

የብራናን ሐሳብ ልደግፍና አንድ እርምጃ ልቀጥል። ማብራሪያ ያለበትን ጨርሶ አትግዢ። ጥቅሱና ማስታወሻው በአንድ ገጽ፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ሽፋን ሲታተሙ ሰው ሁለቱን ይቀላቅላል።

ምሳሌ ልስጥ። ለብዙ ዘመን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱሶች ኅዳግ ላይ ዓለም የተፈጠረችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ነው የሚል ቁጥር ይታተም ነበር። ቁጥሩ የአየርላንዱ ሊቀ ጳጳስ የጄምስ አሸር ስሌት ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1650 ያሳተመው ነው፣ ከ1701 ጀምሮ ኅዳግ ላይ ገባ። ከዚያ በኋላ ስንቱ «መጽሐፍ ቅዱስ 4004 ይላል» ብሎ ተከራክሯል! መጽሐፍ ቅዱስ የትም ቦታ አላለም።

ሁለተኛው በ1909 የወጣው የስኮፊልድ ባለ ማጣቀሻ ነው። ታሪክን በሰባት ዘመን የሚከፍለው ትምህርት በዓለም ላይ እንዲሰራጭ ከማንም በላይ የረዳው የዚያ መጽሐፍ ማስታወሻ ነው። ስሙ «ባለ ማጣቀሻ» ነው፣ ሥራው ግን ማስተማር ነበር። ትምህርቱ ልክ ነው ወይስ አይደለም ሌላ ጉዳይ። አንባቢው የአንድ ሰውን ትምህርት እየተማረ መሆኑን ያውቅ ነበር ወይ? ጥያቄዬ ይሄ ነው።

እንግሊዛዊው ንጉሥ ጄምስም የ1560ውን የጄኔቫ መጽሐፍ ቅዱስ ማስታወሻ ጠልቶት ነበር። ዘጸአት 1፥19 ላይ አዋላጆቹ ፈርዖንን አለመታዘዛቸው ተገቢ ነበር ይላላ! ንጉሥ ይሄን ይወዳል? በ1611 የወጣው በስሙ የሚጠራው ትርጉም ማብራሪያ አልባ የሆነው ለዚህ ነው። ኅዳጉ ላይ የቀሩት ማጣቀሻዎችና አማራጭ አነባበቦች ናቸው።

የእሁድ_አስተማሪ

ቀጥታ ንባብ፣ ታሪኩን ወድጄዋለሁ፣ መደምደሚያው ግን አልተዋጠልኝም። ንጉሡ ማስታወሻውን የጠላው ስላልተመቸው እንጂ ስሕተት ስለሆነ ነው እንዴ?

እኔ ወጣቶችን አስተምራለሁ። ማብራሪያ የሌለው አንባቢ የሚያመልጠውን በየሳምንቱ አያለሁ። ማቴዎስ 18ን ውሰዱ። አንድ ባሪያ ለጌታው እልፍ (አሥር ሺህ) መክሊት አለበት። ይማረዋል። እሱ ደግሞ ወጥቶ መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን ያንቃል። ተማሪዎቼ «ትልቅ ዕዳና ትንሽ ዕዳ» ብለው ያልፉታል። ማጥኛው ከጀርባው የገንዘብና የመስፈሪያ ሠንጠረዥ አለው። አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ነው። አንድ ዲናር የአንድ ቀን ደመወዝ እንደሆነ ማቴዎስ 20፥2 ራሱ ያሳያል። እንግዲህ አስሉት። መቶው ዲናር የሦስት ወር ከምናምን ሥራ ነው። ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ ሰው ሊናደድበት ይችላል። እልፍ መክሊቱ ግን 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ነው። አንድም ቀን ሳያርፍ ቢሠራ ከ160 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ያ ሰው ተንበርክኮ «ታገሠኝ፣ ሁሉን እከፍልሃለሁ» ሲል ክፍሉ ውስጥ መሳቅ የጀመሩት ይሄን ካሰሉ በኋላ ነው።

ሠንጠረዡ የማንንም ትምህርት አልጫነባቸውም። ማስታወሻ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ መረጃ ይሰጥሻል፣ ሌላው አስተያየት ይሰጥሻል። ሁለቱን መለየት ከቻልሽ ማጥኛ ወርቅ ነው።

ቀጥታ_ንባብ

ሠንጠረዡን እቀበላለሁ። ካርታም ጨምሪበት። ዮናስ ወደ ተርሴስ ሲሸሽ ከነነዌ በተቃራኒው አቅጣጫ እንደሄደ ካርታ ያላየ ሰው አያውቅም። ነነዌ በምሥራቅ ጤግሮስ ዳር ናት፤ እሱ በምዕራብ በኩል መርከብ ተሳፈረ። አስተያየቱን ግን አሁንም ውሰዱልኝ።

ሰማንያ_አሃዱ

እስካሁን ማንም ያላነሳው ነገር አለ። የምትገዢው መጽሐፍ ስንት መጻሕፍት ይዟል?

በእንግሊዝኛ የሚታተሙት አብዛኞቹ ማጥኛዎች 66 ናቸው። የካቶሊኮቹ 73። የእኛ ቤተ ክርስቲያን 81 ትቆጥራለች። ይሄ ሽፋኑ ላይ ብቻ የሚቀር ልዩነት አይደለም፣ ማጣቀሻው ውስጥ ይገባል። የይሁዳን መልእክት ቁጥር 14 ክፈቺ። «ከአዳም ጀምሮ ሰባተኛ የሆነ ሄኖክ» ብሎ ትንቢቱን ይጠቅሳል። ትንቢቱ መጽሐፈ ሄኖክ 1፥9 ላይ ነው። የውጭው ማጥኛ «ከቅዱሳት መጻሕፍት ውጪ ካለ መጽሐፍ የተወሰደ» ብሎሽ ያልፋል። 81ዱን ለያዘ ሰው ግን መጽሐፉ እዚያው እጁ ላይ ነው፣ ገልጦ ምዕራፉን በሙሉ ያነባል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሙሉው የወጣው የእንግሊዝኛ ኦርቶዶክስ ማጥኛ እንኳ ብሉይ ኪዳኑን ከሰባ ሊቃናት (ከጥንቱ የግሪክ ትርጉም) ቢወስድም ሄኖክንና ኩፋሌን አልያዘም። ኦርቶዶክስ የሚለውን ስም ብቻ አይታችሁ እንዳትገዙ።

ሌላው ጣጣ የመዝሙር ቁጥር ነው። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በአንዱ መጽሐፍ 23 ነው፣ በግዕዙ ዳዊት 22። ሰባ ሊቃናት 9ንና 10ን አንድ አድርገው ስለቆጠሩ ከዚያ በኋላ እስከ 147 አካባቢ ቁጥሩ በአብዛኛው በአንድ ይለያያል። ማጣቀሻው የላከሽ መዝሙር ከጉዳዩ ጋር ጠብ የሚል ነገር ከሌለው አንድ ወደፊት ወይም አንድ ወደኋላ ሞክሪ። እንዲሁም በዚሁ በሰባ ሊቃናት አቆጣጠር «1ኛ ነገሥት» የሚባለው 1ኛ ሳሙኤል መሆኑን ልብ በዪ።

ደግሞ ማጣቀሻ የፈረንጅ ፈጠራ የሚመስለው ካለ ይስማ። በአራተኛው መቶ ዓመት የቂሣርያው አውሳብዮስ አራቱን ወንጌሎች በትንንሽ ክፍል ቆጥሮ (ማቴዎስ ብቻ 355 ክፍል አለው) አንዱ ታሪክ በየትኞቹ ወንጌሎች እንደሚገኝ የሚያሳይ አሥር ሠንጠረዥ ሠራ። ምዕራፍና ቁጥር ገና ከመምጣቱ በፊት! ይሄ ሠንጠረዥ በአባ ገሪማ ገዳም ባሉት የግዕዝ ወንጌሎች መግቢያ ላይ በቀለም አጊጦ ይገኛል። የብራናው ዕድሜ ሲመረመር ከአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት መካከል ያለ ሆኖ ተገኝቷል።

ለቀጥታ ንባብም አንድ ቃል። አስተያየት ይውጣ አልክ። የእኛ አንድምታ «አንድም» እያለ ሁለትና ሦስት ፍቺ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ጥሩ ማስታወሻ ማለት እንዲህ ያለ ነው። አንባቢውን አማራጭ አያሳጣውም። አንድ ማጥኛ አከራካሪ ቦታ ላይ ደርሶ «አንዳንዶች እንዲህ ይላሉ፣ ሌሎች ደግሞ እንዲህ» ካለ እኔ አምነዋለሁ።

ስልኬ_ይበቃል

ይሄ ሁሉ ውሃ የሚያነሳ ነው። ግን ሄኖክን ፍለጋ፣ መዝሙር አንድ ወደፊት አንድ ወደኋላ... ስልክ ላይ በሁለት ነካ ነካ ያልቃል እኮ 😄

የእሁድ_አስተማሪ

በሁለት ነካ ነካ ያልቃል፣ በሦስተኛው የሆነ ሰው መልእክት ይልክና ጥናቱም አብሮ ያልቃል።

አወያይ

ወደ ሰባቱ ዘመናትና ወደ ንጥቀት ክርክር የሄዱ ሁለት መልሶችን ወደ ሌላ ክር አዛውሬያለሁ። እዚህ የመጽሐፉ አመራረጥና አጠቃቀም ላይ እንቆይ።

ጀማሪዋ

አመሰግናለሁ፣ ይሄን ያህል አልጠበቅሁም ነበር። ጋሽ ብራና እንዳሉት ከሰው በተዋስኩት ባለ ማጣቀሻ ሞከርኩት። ብዙ ሰው ግድግዳ ላይ የሚሰቅለውን ኤርምያስ 29፥11ን ያዝኩ። ከፍ ብዬ ሳነብ ለካ ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች የተላከ ደብዳቤ ነው፣ ቁጥር 10 ደግሞ ሰባ ዓመት ይላል። ደብዳቤው ሲነበብላቸው ከነበሩት ብዙዎቹ መመለሱን አያዩትም ማለት ነው። የሰባው ዓመት ማጣቀሻ ወደ ኤርምያስ 25፥11 ላከኝ፣ ቀጥሎ ወደ ዳንኤል 9፥2። እዚያ ዳንኤል ራሱ የኤርምያስን መጽሐፍ እያነበበ ዓመቱን ይቆጥራል! እኔ የተከተልኩትን መስመር እሱ ቀድሞኝ ተከትሎታል። ደስ አለኝ።

ግን ሁለት ነገር ቸገረኝ። አንዳንዱ ቁጥር ላይ ስምንት ዘጠኝ ማጣቀሻ አለ። ሁሉንም ልከተል? ሁለተኛ፣ ለመግዛት ስሄድ ጥሩውን ከደካማው በምን እለያለሁ? ሽፋናቸው ሁሉም ያምራል።

ብራና

ጎሽ! ዳንኤልን ማግኘትሽ ጥሩ ነው።

ሁሉንም አትከተዪ፣ ትደክሚያለሽ። ማጣቀሻዎች እኩል አይደሉም። አንደኛው ዓይነት ጥቅስ የተጠቀሰበትን ምንጭ ያሳያል፤ እሱን መቼም አትለፊው። ሌላው ያንኑ ታሪክ የሚተርክ ቦታ ነው፤ ልክ እንደ አራቱ ወንጌሎች። ሦስተኛው ሐሳቡ የሚመሳሰል ነው፤ ጊዜ ካለሽ ሂጂበት። የመጨረሻው አንድ ቃል ስለተገጣጠመ ብቻ የተጻፈ ነው። ይሄኛው ብዙ ጊዜ ምንም የለውም። ግማሽ ሚሊዮን ያህል ማጣቀሻ የሰበሰበ የ19ኛው መቶ ዓመት ሥራ አለ፣ አንዳንድ አፖች እሱን ነው የሚጠቀሙት። ብዛቱ ያስደንቃል፣ ግን እህሉን ከገለባው የምትለዪው አንቺ ነሽ። ለቀጥታ ንባብም ሐቁን ልስጠው፤ ማጣቀሻም የሰው ምርጫ ነው። የትኛው ጥቅስ ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ የወሰነ ሰው አለ።

ስለ መግዛቱ፣ ሽፋኑን ተዪውና ማርቆስ 1፥2ን ክፈቺ። «በነቢዩ በኢሳይያስ እንደ ተጻፈ» ይላል፣ ወይም በአንዳንድ ትርጉም «በነቢያት»። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ግን የሚልክያስ 3፥1 ነው፣ ከኢሳይያስ 40፥3 የመጣው ሁለተኛው ነው። ኅዳጉ ሁለቱንም ከጠቀሰልሽ ሠሪው ሥራውን ያውቃል። ኢሳይያስን ብቻ ከጻፈ መልሰሽ አስቀምጪው።

ማብራሪያ ካለው ደግሞ ወደ ከባዱ ቦታ ሂጂ። ማርቆስ 16 ከቁጥር 9 ጀምሮ በአንዳንድ ጥንታዊ ቅጂዎች እንደማይገኝ ይነግርሻል? 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥29 ላይ ስለ ሙታን የሚጠመቁት ምን እንደሆኑ ምን ይላል? ብዙ ማጥኛ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ቦታ ላይ አንድ ገጽ ይጽፍና ሰው የሚቸገርበት ቦታ ላይ ዝም ይላል። ሌላው መግቢያው ነው። አዘጋጆቹ ከየትኛው ትምህርት እንደመጡ በግልጽ ከጻፉ ጥሩ ምልክት ነው። ደግሞም ማብራሪያው የተጻፈው በየትኛው ትርጉም ላይ እንደሆነ እዪ። በእንግሊዝኛ ትርጉም ላይ የተጻፈ ማስታወሻ የአማርኛውን የ1954 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ትርጉም ይዞ ለሚያነብ ሰው አንዳንዴ የሌለ ቃል ያብራራለታል።

የእሁድ_አስተማሪ

እኔ ስለ አካሉ ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰው ይረሳዋል። ጥራዙ የተሰፋ ነው ወይስ በሙጫ ብቻ የተጣበቀ? ዘፍጥረት 1 ላይ ክፈቺውና ልቀቂው። የተሰፋው አብዛኛውን ጊዜ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀመጣል። በሙጫ ብቻ የሆነው ራሱ ይዘጋል፣ አስገድደሽ ብትከፍቺው ከጊዜ በኋላ ገጹ ይወልቃል። አንድ ገጽ አንሺና የጀርባው ጽሑፍ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ እዪ። የኅዳጉን ፊደል ደግሞ በማታ መብራት እንደምታነቢው አስቢ። የጥቅሱ ፊደል ትልቅ ሆኖ የማጣቀሻው የጉንዳን እግር ከሆነ ከሳምንት በኋላ አትነኪውም።

አጠቃቀሙ ላይ ተማሪዎቼን የማስደርገው ይሄ ነው። ምዕራፉን ሲያነቡ ከግርጌ ያለውን ማብራሪያ በወረቀት ይሸፍኑታል። አንብበው ሲጨርሱ ያልገባቸውን አንድ ጥያቄ ይጽፋሉ። ከዚያ ማጣቀሻውን ይከተላሉ። ወረቀቱ የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው። ጥያቄ ይዞ ወደ ማብራሪያ የሚሄድ ሰው ማብራሪያው መልሶ እንደሆነ ወይም ሸሽቶ እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። ጥያቄ ሳይዝ የሄደ ሰው ያገኘውን ሁሉ ይውጣል።

ቀጥታ_ንባብ

ወረቀቱ ይመቸኛል። ቢቻል ወረቀቱ እዚያው ይቅር።

ሰማንያ_አሃዱ

😂 ሰውዬው አይለወጥም።

ጀማሪዋ

እሺ፣ ወስኛለሁ። ለየቀኑ ማብራሪያ የሌለው፣ ማጣቀሻው ጥሩ የሆነ የአማርኛ እይዛለሁ። ማርቆስ 1፥2ን ሳልፈትሽ አልገዛም። ሄኖክ ስላጓጓኝ 81ዱን ለብቻው እፈልጋለሁ። ማብራሪያና ካርታ ሲያስፈልገኝ የእንግሊዝኛውን ማጥኛ ስልኬ ላይ እጭናለሁ።

የመጨረሻ ጥያቄ። ኅዳጉ ላይ መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ወረቀቱ ግን ስስ ነው። በምን ልጻፍ?

ስልኬ_ይበቃል

ስልክ ተጠቅሷል። አሸንፌያለሁ፣ ደህና እደሩ።

የእሁድ_አስተማሪ

እርሳስ ይሻልሻል፣ ጫፉ በጣም ያልሾለ። ሹል ከሆነ ገጹን ይቀደዋል። በፈሳሽ ቀለም የሚሠራ ማቅለሚያ አትጠቀሚ፣ ወደ ጀርባው ያልፋል። ደረቁ፣ እንደ ሰም ያለው አያልፍም። ማንኛውንም እስክሪብቶ መጀመሪያ ከመጨረሻዎቹ ባዶ ገጾች አንዱ ላይ ሞክሪውና አንድ ቀን አቆይተሽ ጀርባውን እዪ። የምትጽፊው ደግሞ ሙሉ ሐሳብ አይሁን፣ ቦታ አይበቃሽም። አንቺ ያገኘሽውንና አሳታሚው ያልጻፈውን ማጣቀሻ ብቻ ጻፊ፣ ከጎኑ ወሩንና ዓመቱን።